ለከተማ ዳር ነዋሪ የሚስማማ የስልክ ስትራቴጂ ጨዋታ፦ የንጽጽር መመሪያ

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ በቃሊቲና በሳሪስ በኩል ወደ መሀል አዲስ አበባ ለሥራ የሚመላለስ ሰው፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ በታክሲ ሰልፍ፣ በመኪና ውስጥና በመንገድ መጨናነቅ የሚያሳልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም። እኔም ከእነዚሁ መንገደኞች አንዱ ስሆን፣ ይህን ጊዜ ለዓመታት ስሞላው የኖርኩት በስልኬ በምጫወታቸው የስትራቴጂ ጨዋታዎች ነው። የሥራ ባልደረቦቼና የግቢያችን ወጣቶች የትኛውን ጨዋታ ቢጭኑ እንደሚሻል ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ራሴ የተጫወትኳቸውን ብቻ መርጬ፣ በኑሯችን ሁኔታ መዝኜ ለማነጻጸር ወስኛለሁ።

ስለ ስልክ ጨዋታ የሚጻፉ ንጽጽሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በምስል ጥራትና በተጫዋቾች ብዛት ላይ ነው። በከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ግን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ ጨዋታው መሀል ላይ ሲቋረጥ ይጠብቀናል ወይስ አይጠብቀንም የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ኔትወርክ ይጠፋል፤ መብራት ይሄዳል፤ ሰልፉ ድንገት ይንቀሳቀሳል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ከቤት ስልክ ይደወላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሊደርሱ የሚችሉ ነገሮች በመሆናቸው፣ ተጫዋቹ ለ2 ደቂቃ ዞር ባለ ቁጥር የሚቀጣ ጨዋታ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ደስታው ወደ ንዴት ይለወጣል። ሌሎቹን መለኪያዎች፣ ማለትም የዳታ ፍጆታን፣ የባትሪ ጉዳይንና ክፍያን፣ ከዚህ ጥያቄ በታች አስቀምጫቸዋለሁ።

በዚህ መለኪያ ጨዋታዎቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። በተራ የሚካሄዱት ተጫዋቹ አስቦ እስኪወስን ድረስ ባሉበት ይቆማሉ፤ በቅጽበት የሚካሄዱት ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስባቸው ናቸው። በነገራችን ላይ ሰንጠረዥ የተባለው የጥንቱ የአገራችን ቼዝ ሁለቱንም ባሕርያት አጣምሮ የያዘ ነበር። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ክፍል ወረራ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። በቅጽበት መጫወትን የሚወድ ወጣት ከባህላችን የራቀ ነገር አደረገ ሊባል አይገባውም፤ ልዩነቱ አባቶቻችን ወረራውን ያካሂዱ የነበረው ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለነበር፣ በመሀላቸው የሚቋረጥ ኔትወርክ አለመኖሩ ነው።

ቼዝ፦ ሊቼስ ወይስ ቼስ ዶት ኮም

ሰው ከሰው ጋር መጫወት የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያው ምክሬ ቼዝ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ጠጠር ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት መሄዱን ለማሳወቅ የሚላከው መረጃ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ አነስተኛ የዳታ ጥቅል ለብዙ ጨዋታ ይበቃል፤ ደካማ ኔትወርክም ቢሆን ያስተናግደዋል። ስልኩም የግድ አዲስ መሆን የለበትም።

ከቼዝ መተግበሪያዎች መካከል ሁለቱ በስፋት የታወቁት ሊቼስና ቼስ ዶት ኮም ናቸው። ሊቼስ እ.ኤ.አ. በ2010 ቲቦ ዱፕሌሲ በተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር የተጀመረ፣ በልገሳ የሚተዳደርና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ አገልግሎት ነው። ማስታወቂያ የለውም፤ በክፍያ ብቻ የሚከፈት ክፍልም የለውም። ቼስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረ የንግድ ድርጅት ሲሆን፣ በነፃ ለሚጠቀመው ሰው ማስታወቂያ ያሳያል፤ በቀን የሚሠራቸውን እንቆቅልሾች ቁጥርም ይገድባል፤ ገደቡ የሚነሣው በደንበኝነት ክፍያ ነው። በአንጻሩ ትምህርቶቹ ለጀማሪ የተመቻቹ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬዱና የተለያየ ባሕርይ ካላቸው የኮምፒውተር ተቀናቃኞች ጋር የሚያለማምዱ ናቸው። ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ገና የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ ቼስ ዶት ኮምን ቢያስቀድም አልቃወምም። አካሄዱን ለሚያውቅና ዳታውን በማስታወቂያ ላይ ማጥፋት ለማይፈልግ ሰው ግን ሊቼስ ያለ ጥርጥር ይሻላል። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜም ስቶክፊሽ ከተባለው ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጋር፣ የችሎታውን ደረጃ ዝቅ አድርጎ፣ በስልኩ ላይ ብቻ መጫወት ይቻላል።

ከመተግበሪያው ምርጫ ይልቅ የሰዓቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠው የማሰቢያ ጊዜ፣ ምርጫ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ታክሲያችን ወደ ቃሊቲ ሲያዘግም፣ በንግሥት ብልጫ በያዝኩት የ3 ደቂቃ ጨዋታ መሀል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጣቴ ፈረሱ ላይ እንዳረፈ፣ ሰዓቴ ከ40 ሰከንድ ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 20 ሲወርድ እያየሁ፣ የነካሁት ፈረስ ግን ሳይላክ ቀረ። ሲግናሉ ሲመለስ የጠበቀኝ የሽንፈት ማስታወቂያ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በመንገድ ላይ ከ15 ደቂቃ በታች የሆነ፣ በየእርምጃውም 10 ሰከንድ የማይጨምር ጨዋታ አልጀምርም። የ10 ሰከንዱ ጭማሪ ለአጭር የኔትወርክ መቆራረጥ መጠባበቂያ ይሆናል፤ ሆኖም ቁልቁለቱን ወርዶ ከሲግናል ውጪ ለሆነ ሰው እሱም አይበቃም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው በሁለቱም መተግበሪያዎች ውስጥ ያለውና ብዙዎች ልብ የማይሉት የቀናት ጨዋታ ነው። በሊቼስ ለአንድ እርምጃ ከ1 እስከ 14 ቀን የሚደርስ ጊዜ መወሰን ይቻላል። ተጫዋቹ ቦርዱን በሰልፍ ላይ ቆሞ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ በሐሳቡ ያገላብጠዋል፤ ማታ ኔትወርክ ሲሻሻል ይልካል። ፎቃችን ላይ ከሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ጋር በዐቢይ ጾም መግቢያ የጀመርነው አንድ ጨዋታ ያለቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ቀን በደረጃው ላይ ስንተላለፍ፣ በቸልታ ያስበላሁትን ወታደር አስታውሰው «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? ሁለት ቀን እኮ ነበረህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የላክሁት ሻይ እስኪፈላ ድረስ ብቻ አስቤ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ሄደ ብሎ ማንንም አያሸንፍም፤ ለእኛ አካባቢ የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ የምወደው የጨዋታ ዓይነት ይህ ነው።

ክላሽ ኦፍ ክላንስና ክላሽ ሮያል

ሁለቱም የፊንላንዱ ሱፐርሴል ሥራዎች ናቸው። ክላሽ ኦፍ ክላንስ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ክላሽ ሮያል ደግሞ በ2016 የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ አይሠሩም። ስማቸው ስለሚመሳሰል እንደ አንድ የሚያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን መቋረጥን በሚመለከት የተለያዩ ናቸው።

በክላሽ ኦፍ ክላንስ ተጫዋቹ መንደር ይሠራል፤ ወርቅና ኤሊክሲር ያከማቻል፤ የሌሎችን መንደር ያጠቃል። ጥቃቱ 3 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ የግንባታው ሥራ ግን ተጫዋቹ ባይኖርም ለሰዓታትና ለቀናት በራሱ ይቀጥላል። ከዚህ አንጻር ትዕግሥት ላለው ሰው ተስማሚ ይመስላል። ችግሩ ተጫዋቹ በሌለበት ጊዜ መንደሩ ለሌሎች ጥቃት ክፍት መሆኑና የተከማቸውም ሀብት የሚዘረፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ መብራት ሊሄድ ይችላል ተብሎ በሚጠረጠርበት ሌሊት ወርቅን አከማችቶ ከመተኛት ይልቅ፣ ምሽት ላይ በግንባታ ማዋል ይሻላል፤ በግንባታ ላይ የዋለ ወርቅ አይዘረፍም።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ሀብት ክላኑ፣ ማለትም የተጫዋቾች ቡድኑ፣ ነው። እስከ 50 ሰው በአንድ ክላን ሊሰባሰብ ይችላል፤ በክላን ጦርነት ጊዜ አንድ ቀን ለዝግጅት፣ አንድ ቀን ለውጊያ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ተዋጊ ሁለት ጥቃት ይኖረዋል። የውጊያው ቀን ረጅም መሆኑ ለእኛ መልካም ነው፤ ጥቃቱን ለማካሄድ ኔትወርክ የሚሻልበትን ሰዓት መርጦ፣ ለምሳሌ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት፣ መጠቀም ይቻላል። የሰፈር ልጆች ተሰባስበው የመሠረቱት ክላን ከሆነ ደግሞ ማን መቼ እንደሚያጠቃ በቴሌግራም ተነጋግሮ መከፋፈሉ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ደስታ ነው። ጥቃት ተጀምሮ ኔትወርክ ቢሄድ ግን ያ ጥቃት ተመልሶ አይገኝም፤ በዚህም ምክንያት በታክሲ ውስጥ የክላን ጦርነት ጥቃት መጀመርን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አንድ ሰው ያባከነው ጥቃት የ10 እና የ15 ሰው ድካም ያበላሻልና።

ክላሽ ሮያል ደግሞ ስምንት ካርዶችን ይዞ፣ የተቀናቃኝን ግንቦች ለማፍረስ 3 ደቂቃ በቅጽበት የሚፋለሙበት ነው። በሐሳብ ብልሃቱ እጅግ የረቀቀ፣ ለካርድ የሚከፈለውን ኤሊክሲር ቆጥቦ ተቀናቃኝ ባዶ እጁን ሲቀር መምታት የሚጠይቅ ጨዋታ በመሆኑ አከብረዋለሁ። ሆኖም የአንድ ሰከንድ መዘግየት ካርዱን ከታሰበለት ቦታ ውጪ ስለሚያደርገው፣ ጥሩ ዋይፋይ ከሌለ ችሎታ ብቻውን አያዋጣም። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ያለውም ቢሆን መብራት ሲሄድ ራውተሩ አብሮ እንደሚጠፋ ማስታወስ ይኖርበታል። ከከተማ ዳር ለሚጀምር ተጫዋች ከዚህ ዝርዝር በመጨረሻ የማስቀምጠው ይህን ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት፦ ፖሊቶፒያና አንሲቭ

በመንገድ ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ንባቡን ከዚህ ቢጀምር ይጠቀማል። ሁለቱም በተራ የሚካሄዱ፣ ከስልኩ ጋር ያለ ኢንተርኔት የሚጫወቷቸው፣ ከተማ መሥርቶ፣ ዕውቀት አዳብሮ፣ ጎረቤትን በጦር ወይም በብልጽግና የመብለጥ ጨዋታዎች ናቸው። የሚለያዩት በርዝመትና በጥልቀት ነው።

ፖሊቶፒያ ሚድጂዋን የተባለ የስዊድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። ምስሉ በቀለም ያሸበረቀና ቀላል፣ ጽሑፉ ጥቂት በመሆኑ እንግሊዝኛ የማይደፍር ሰውም በአንድ ቀን ይለምደዋል። በ30 ተራ የሚያበቃው የጨዋታ ስልት ለእኛ መንገድ ልክ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ጎተራ አካባቢ ያልቃል፤ ባያልቅም ስልኩን ኪስ ከቶ ማታ ከቆመበት መቀጠል ይቻላል። በነፃ የሚሰጡት አራት ነገዶች ሺንሺ፣ ኢምፔሪየስ፣ ባርዱርና ኡማጂ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በክፍያ ይከፈታሉ። ለጀማሪ ባርዱርን እመርጣለሁ፤ አደንን አውቆ ስለሚነሣ በዙሪያው ያሉትን የዱር እንስሳት ወዲያው ለከተማው ዕድገት ያውላል። ኡማጂ ግልቢያን ይዞ ስለሚነሣ ፈረሰኛው ራቅ ብለው የሚገኙ መንደሮችን ቀድሞ ይደርስባቸዋል፤ መጠንቀቅ ያለበት ግን ሩቅ ሄዶ ከተማውን ባዶ እንዳይተው ነው። መንደር ላይ የደረሰ ወታደር መንደሩን የሚይዘው በቀጣዩ ተራ ስለሆነ፣ ጠላት በአቅራቢያ ካለ በመሀል ሊገደል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ሌላው የምወድለት ነገር አንድን ስልክ እየተቀባበሉ መጫወት የሚያስችል መሆኑ ነው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንዲት ስልክ ስንት ጊዜ እንደተዋጋን አልቆጥረውም።

አንሲቭ በበኩሉ በኮምፒውተር ላይ ዝነኛ የሆነውን ሲቪላይዜሽን 5 የተባለ ጨዋታ መሠረት አድርጎ በክፍት ኮድ ለስልክ የተሠራ፣ ነፃ የሆነ፣ ማስታወቂያም የሌለው ጨዋታ ነው። መልኩ ደረቅ ነው፤ ድምቀት የለውም፤ የሚነበበውም ጽሑፍ ብዙ ነው። ይህንን ሁሉ እያወቅሁ ግን ከስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ አቆይ ብባል የማቆየው እሱን ነው። በየተራው መጨረሻ ራሱ ስለሚያስቀምጥ ባትሪ ድንገት ቢያልቅ እንኳ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ የሚይዘውም ቦታ ትንሽ በመሆኑ በስልኩ ላይ ፎቶ ለማጥፋት አያስገድድም።

ጎድስ ኤንድ ኪንግስ የተባለው የሕግ ስብስብ ሲመረጥ ኢትዮጵያን ይዞ መጫወት ይቻላል። መሪዋ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ ልዩ ችሎታዋ የዐድዋ መንፈስ የሚል ስም አለው፤ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተሞች ካሉት መንግሥት ጋር ስትዋጋ ለሠራዊቷ 20 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል። ልዩ ወታደሯም መሀል ሰፋሪ ነው፤ ወደ ዋና ከተማው በቀረበ ቁጥር እየበረታ ይዋጋል። ከጥንቱ ዘመን የሚሠራው ሐውልቷ የእምነት ነጥብ ስለሚያስገኝ ሃይማኖትን ቀድሞ ለመመሥረት ይረዳል። ከእነዚህ ነገሮች የሚወጣው ስልት ግልጽ ነው፤ ከተሞችን ሦስት ወይም አራት ብቻ አድርጎ ማሳደግ፣ በሐውልቱ ሃይማኖት መመሥረት፣ ከዚያም የተስፋፋው ጎረቤት እስኪመጣ ተራራና ወንዝ ይዞ መጠበቅ። የመጀመሪያውን ጊዜ ይህንን ሳላውቅ እንደ ሌሎቹ ከተማ በከተማ ላይ ስጨምር፣ ጎረቤቴን በቁጥር በልጬ ራሴ የዐድዋን ጥቅም አጠፋሁት። በሁለተኛው ጨዋታ በአራት ከተሞች ጸንቼ የቆየሁ ሲሆን፣ ጠላት መዲናዬ በር ላይ ሲደርስ መሀል ሰፋሪዎቼ በአንድ ኮረብታ ላይ ሆነው ሦስት ጥቃት መለሱ። ያንን ተራ ያየሁት ሳሪስ አቦ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ በቆመ ታክሲ ውስጥ ሲሆን፣ መኪናው እንዳይነሣ የተመኘሁበት ብቸኛ ቀን ነው።

አንድ የአንሲቭ ጨዋታ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በአጭር ጊዜ አሸናፊውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፖሊቶፒያን ይምረጥ። ረጅም ታሪክ መከተል የሚወድ፣ አንዱን ጨዋታ ለወር የሚይዝ ሰው አንሲቭን ቢይዝ አይጸጸትም።

ግንብ እየሠሩ መንገድ የሚከላከሉበትን ዓይነት ለሚወዱ፣ አይረንሃይድ የተባለው የኡራጓይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኪንግደም ረሽ አለ። በቅጽበት የሚካሄድ ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ባሉበት ማቆም የሚቻል በመሆኑ ይጠብቃል ከሚባሉት ወገን ነው። የዳማና የገበጣ መተግበሪያዎችም ይገኛሉ፤ ነገር ግን ዳማን በቆርኪ፣ ካርቶን ላይ በተሠመረ ሰሌዳ፣ በግቢያችን ደረጃ ላይ ሰው ከቦ እየተሟገተ ሲጫወቱት ላየ ሰው የስልኩን ልመክረው አልችልም።

ባትሪ፣ ዳታና ገንዘብ

በባትሪ ረገድ ቼዝ፣ አንሲቭና ፖሊቶፒያ ቀላል ናቸው፤ ሁለቱ የክላሽ ጨዋታዎች ዘወትር የሚንቀሳቀስ ምስልና ያልተቋረጠ ግንኙነት ስላላቸው ስልኩን ያሞቃሉ፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ የቀረችው 30 በመቶ ባትሪ ለቤተሰብ ስልክ ጭምር የምታስፈልግ በመሆኗ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዳታን በሚመለከት ደግሞ ጥቅል የሚያስጨርሰው ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ዝማኔው ነው፤ በፕሌይ ስቶር ውስጥ ዝማኔ በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ ማድረግ፣ ዋይፋይ ለሌለው ደግሞ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ በራሱ እጅ ማውረድ ይመረጣል።

በክላሽ ጨዋታዎች ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ጊዜን ማሳጠር ስለሚቻል፣ ስልኩን ለልጅ የሚሰጥ ወላጅ ግዢ ሁሉ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አስቀድሞ ያስተካክል። ስልክ ለመቀየር ያሰበ ሰውም አሮጌውን ከመሸጡ በፊት የክላሽ መንደሩን ከሱፐርሴል መለያ ጋር ያገናኝ፤ የአንሲቭ ጨዋታው የሚቀመጠው በስልኩ ላይ ስለሆነ ፋይሉን ለይቶ መገልበጥ አለበት።

እዚህ ያላነሣሁትን ጨዋታ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ በ5 ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል። በመጀመሪያ ስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ባለው ሁነታ ላይ አድርጎ ጨዋታውን ይክፈት፤ ከመክፈቻው ገጽ አልፎ የሚያጫውት ከሆነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ ኔትወርኩን መልሶ፣ በጨዋታው መሀል ከቤተሰቡ አንዱ እንዲደውልለት ያድርግና 2 ደቂቃ ያህል ያውራ። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ሠራዊቱ ከተወው ቦታ ላይ ቆሞ ካገኘው ጨዋታው ለቃሊቲ መንገድ ይሆናል፤ ፈርሶ ካገኘው ግን ቤት ውስጥ ለሚጫወትበት ቀን ያቆየው።